የኩባንያው ቃላት

ሥጋ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ረቡዕ ነው፤ ሶዶ ላይ ረቡዕ ሥጋ ቤት አያዘጋም።

ብሩክታይት በሩን የምታይበት ቦታ ይዛለች። የአንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ፕሮግራመር ናት፤ መታወቂያዋ እንደዚያ ይላል። የላካት የስለላ መሥሪያ ቤት ግን በምስጢር ስሟ «ዳሞታ» ነው የሚላት። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ዘሩባቤል የመሥሪያ ቤቱ አገናኝ ነው። ቁርጡን ዳጣ ውስጥ ነክሮ ጎረሰ።

«ባለፈው የሰጠሽኝን ፍላሽ የኛ ልጆች ሞከሩት።»

«እና?»

«ምን የመሰለ ሥራ። አንድ መስመር እንኳ አላስቸገረም።»

ያነሳችውን ቁርጥ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

የሆስፒታሉ ኦክስጅን ማምረቻ የሚታዘዘው በኩባንያው ፕሮግራም ነው። የተጻፈበት ቋንቋ መደበኛ ነው፤ የትም ማሽን ይረዳዋል። ኩባንያው ግን የራሱን ቃላት ጨምሮበታል፤ እነሱን የሚረዳው የራሱ ተርጓሚ ፕሮግራም ብቻ ነው። ደግሞ ሲጣፍጡ! አሥር መስመር የሚፈጀውን በአንድ ይጨርሳሉ። አንዴ ከለመዷቸው መውጫ የለም። ሆስፒታሉ ውል አላድስም ሲል፣ ኩባንያው ዛሬ ተርጓሚውን ሊዘጋው ቆርጧል። ያን ጊዜ ማምረቻው ይቆማል፤ ሙቀት ክፍል የተኙት ጨቅላዎችም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የእሷ ሥራ ፕሮግራሙን ከነዚያ ቃላት ማጽዳት ነበር።

ጨርሳለች። ለዘሩባቤል የሰጠችው ግን ያልጸዳውን ነው፤ ሆን ብላ፣ ሰው ስለማታምን። የመሥሪያ ቤቷ ማሽን ቢያየው ገና ከመጀመሪያው ገጽ «ይህን ቃል አላውቅም» እያለ ይለግም ነበር። ሳያስቸግር የሚሠራው በኩባንያው ማሽን ላይ ብቻ ነው።

ዘሩባቤል ሸጧታል።

ቀና ስትል የኩባንያው ጥበቃ ኃላፊ ደገፉ በሩን ይዞ ቆሟል።

«እጄን ታጥቤ መጣሁ።»

«ቦርሳሽን ተዪው፤» አለ ዘሩባቤል።

«እሺ።»

ተወችው። ንጹሑ ፕሮግራም ያለበት ፍላሽ ጫማዋ ውስጥ ነው። በመታጠቢያው አልፋ፣ ቆዳ በተዘረጋበት ጓሮ ወጥታ ወደ ሆስፒታሉ ባጃጅ ያዘች።

የማምረቻውን በር የከፈተችው በሜሪ ካርድ ነው። ሜሪ ኩባንያው ውስጥ አብራት የምትሠራ የሶዶ ልጅ ናት፤ እሁድ እሁድ ከቸርች በኋላ ቤቷ ወስዳ ምሳ የምታበላት፣ «እህቴ» የምትላት። ጠዋት ካርዱን ከሜሪ ቦርሳ ሰርቃዋለች። የራሷ ካርድ እንደሚዘጋባት ፈርታ ነበር።

ፍላሹን ሰካች። የኩባንያውን ተርጓሚ አጥፍታ መደበኛውን ጫነች። አስነሳችው።

«ይህን ቃል አላውቅም።»

አንዲት ቃል ቀርታለች። ስታጸዳ እጇ በልማድ መልሶ የጻፋት። ሁለት ዓመት ሙሉ በነሱ ቃላት ስትጽፍ፣ ማሰብም በነሱ ሆኖባታል። በራሷ በገነች። የግፊት መለኪያው መውረድ ጀመረ። ውጪ ሞተር ሳይክል ሲቆም ሰማች።

ቃሏን አጥፍታ ትእዛዙን በረጅሙ መንገድ ጻፈችው፤ መስመር በመስመር። እንደገና አስነሳችው።

በሩ ተደበደበ።

መለኪያው ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

ማምረቻው ከእንግዲህ የኩባንያውን ደጅ አይጠናም። እሷ በኋላ መስኮት ዘለለች።

መናኸሪያ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ሜሪ ናት።

«እህቴ፣ ካርዴን አይተሻል? ደገፉ ማምረቻውን በካርድሽ ከፍተሽላታል ይለኛል። ፖሊስ ይዞ ቤት መጥቷል። አልሰጠችኝም በይልኝ እንጂ።»

ብትናገር ያለችበት ይታወቃል። ስልኩን ዘግታ ሲም ካርዱን ሰበረችው።

ወደ በዴሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከአንዲት ሴትዮ ጎን ተጣብባ ተቀመጠች።

«የኔ ልጅ፣ ማን ልበል?»

አዲሱን ስሟን ካጠናችው ቆይቷል። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ሜሪ፤» አለች።