አሥራ ሰባተኛው ፍላጻ

አሥራ ሰባተኛው ፍላጻ ከመደርደሪያው ሲወጣ ባነሳው ፎቶ ላይ ባዩሽ አፍ አልነበራትም።

ይህን ያስተዋለችው አዳኞቹ ከሄዱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። በጎጀብ እርከን ከተማ ከቀስት ቤት የሚወጣ ፍላጻ ሁሉ በሩ ላይ የቆመችውን ጠባቂ ፎቶ ያነሳል፤ ሰውን ከአውሬ ለይቶ እንደሚያይ ማረጋገጫው ያ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት አምስት ፍላጻዎች ወጥተዋል። በአራቱ ፎቶ ላይ ባዩሽ ሙሉ ባዩሽ ናት፦ ሻሿ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይኗ፣ አንድ መጥፎ ነገር ሊመጣ ነው የሚል ፊቷ። በአምስተኛው ላይ ግን ከአፍንጫዋ በታች ጭጋግ ነው። ከፎቶው ሥር "ሰው፤ አልፏል" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ በርቷል። እሷም እንደ ሁልጊዜው አረንጓዴውን ብቻ አይታ አሳልፋው ነበር።

የተረካቢውን ስም አነበበች። ውዳሴ። ልጇ።

ደኑ ካገገመ ወዲህ ከርከሮ በዝቶ የእርከኑን በቆሎ ይጨርሰዋል። ጠመንጃ ክልክል ስለሆነ ከርከሮውን የሚመልሱት ቀስተኞች ናቸው። የያዙት ፍላጻ "ዓይናማ" ይባላል፤ ጫፉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ዓይን አለችው። ከፊቱ ሰው ካየ በአየር ላይ ክንፉን አጥፎ መሬት ላይ ይወድቃል። ከሁለት ወር በፊት የከተማው ጉባኤ የተሰበሰበውም ለዚህ ነበር። ፍላጻው ራሱ ሰውን ካወቀ፣ ቀስተኛው አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የጥንቃቄ ትምህርት እንዲማር ለምን ይገደዳል? ተባለ። እጅ ይውጣ ተባለ። ባዩሽ አወጣች።

የራሷ ምክንያት ነበራት። ከአሥራ ሁለቱ ቀን አራቱ አዳር ጫካ ውስጥ ነው። ባዩሽ እባቡን አሰበች፣ የወንዙን ሙላት አሰበች፣ በንፋስ የሚወድቀውን ዛፍ አሰበች። ዓይናማ ፍላጻ እስካሁን ማንንም አልጎዳም፤ በትምህርቱ ላይ ግን አንዲት ልጅ እግሯ ተሰብሯል። ለመመዝገብ ተራዋን የምትጠብቀው ደግሞ ውዳሴ ነበረች። ትምህርቱ በፈቃደኝነት ይሁን ተብሎ ተወሰነ። ውዳሴም ሳትማር ፈቃድ አወጣች።

አሁን የልጇ አውራ ጣት ትዝ አላት። ደፍ ላይ ተቀምጣ የቀስቷን ጅማት በማር ሰም ስታሽ ነበር። ከዚያ ተነስታ ፍላጻውን በጫፉ በኩል ይዛ ሳበችው። ባዩሽ "እጅሽን ታጠቢ እንጂ" ብላት ነበር። ለምን እንዳለች ራሷም አታውቅም፤ እንዲሁ ነው ያለችው።

"እማ፣ ደግሞ ጀመርሽ!" አለች ውዳሴ። ጓደኞቿ ሳቁ። ባዩሽ አሳለፈቻት።

ደኑ ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ የፍላጻዎቹን ዓይን እንዳያውክ ሞገድ ሁሉ ተዘግቷል። ባዩሽ ወደ መንገዱ ማዶ ሮጠች። እዚያ ጋሽ ወዳጆ ችግኝ ይሸጣሉ። ሃያ ዓመት የቀስት አስተማሪ ነበሩ፤ ተማሪ ሲጠፋ ነው ችግኝ የጀመሩት።

"ጋሽ ወዳጆ! ይድረሱልኝ!"

"ዛሬ ደግሞ ምን ሊወድቅብን ነው ባዩሽ?" አሉ ቀና ሳይሉ።

ፎቶውን አሳየቻቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ።

"ሰም ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ሰዓት ትምህርት። ጅማት ያሸ እጅ ዓይን አይነካም።"

"ቢሆንም ሰው ካየ ይወድቃል፣ አይደል?"

"እርግጠኛ ሲሆን ይወድቃል። ሲጠራጠር ይጠይቃል።"

"ማንን ነው የሚጠይቀው?"

"የያዘውን ሰው ነዋ። ቀስቱ እጅ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ ማውረድ ነው። ስምንተኛው ቀን ላይ ነበር የማስተምረው።" ዱላቸውን አነሱ። "አንቺ እጅሽን አውጥተሽ ያስቀረሽውን ትምህርት።"

"ይስደቡኝ ጋሽ ወዳጆ። ግን እየሄድን ይስደቡኝ።"

የቀስት ቤቱ በር አንድ ፍላጻ እንኳ ውጭ ካለ አይቆለፍም። ሠላሳ አምስት ፍላጻ ውስጥ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ባዩሽ ያንን በር ለአንድ ደቂቃ ብቻውን ትታው አታውቅም፤ ቢታወቅ ከሥራ ያስባርራታል። ገርበብ አድርጋው ሮጠች።

አምስቱ ቀስተኞች በበቆሎው ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። ሦስቱ የተማሩ ናቸው። ያልተማሩት ውዳሴና ምንተስኖት የሚባል የሠፈር ልጅ ናቸው። ከውዳሴ ፊት፣ በቆሎው ውስጥ፣ አንድ ቡናማ ነገር ጎንበስ ቀና ይላል። ውዳሴ ቀስቱን እስከ ጆሮዋ ስባለች። ባዩሽ ከሩቅ የልጇ ክርን ሲንቀጠቀጥ አየች። መጀመሪያ የፈራች መሰላት። የሚንቀጠቀጠው ግን ቀስቱ ነበር።

"አውርዱ!" ሲሉ ጮኹ ጋሽ ወዳጆ።

ሦስቱ በአንድ ቅጽበት አወረዱ። ምንተስኖት ቃሉ ቀስት የማውረድ ትእዛዝ መሆኑን አያውቅም፤ ወፍ የመጣ ይመስል ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ውዳሴ ማን እንደጮኸ ለማየት ዞረች፤ የተሳበውን ቀስት እንደያዘች፣ ሙሉ ሰውነቷን። እናቷን ስታይ ደነገጠች። ጣቷ ለቀቀ።

ባዩሽ በሕይወቷ ያልፈራችው ነገር አልነበረም። ውዳሴ ገደል ስትገባ፣ ወንዝ ሲወስዳት፣ መኪና ሲገጫት በሐሳቧ ስንት ጊዜ አይታለች። የልጇ ፍላጻ ወደ ራሷ ሲመጣ ግን አንድም ቀን አላሰበችም። አሁን ይወድቃል አለች በልቧ። አሁን ክንፉን ያጥፋል። አላጠፈም። ጋሽ ወዳጆ በትከሻቸው ገፈተሯትና እሷ የነበረችበት ቦታ ላይ እሳቸው ቆሙ። የመታቸው ከትከሻቸው ዝቅ ብሎ ነው።

በበቆሎው ውስጥ የነበረው ቡናማ ነገር ቀና አለ። ጆንያ የለበሰ፣ ለላሞቹ አረም የሚያጭድ ሰው ነበር።

"ምንድን ነው ጩኸቱ?" አለ፣ ማጭዱን እንደያዘ።

በጤና ጣቢያው ሐኪሟ ፍላጻውን ስታወጣ ከሳንባቸው አራት ጣት እንደራቀ ነገረቻቸው። ጋሽ ወዳጆ አልጋው ላይ ሆነው ውዳሴን ጠሯት። ልጅቱ መሬት መሬት ታያለች።

"ጥሩ ነው የሳብሽው" አሏት። "አቋቋምሽ ግን የፍየል ነው።"

ውዳሴ ልትስቅ ሞክራ አለቀሰች።

ባዩሽ ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር። "የሠሩት ሰዎች" አለች፣ "በተጠራጠረ ቁጥር እንዲወድቅ ማድረግ አይችሉም ነበር?"

"ይችሉ ነበር። ያከበሩን መስሏቸው ነው። የመጨረሻው ቃል የሰው ይሁን ብለው ነው እኮ የሚጠይቀን።"

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናትና ልጅ ወደ ቀስት ቤት ተመለሱ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ባዩሽ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ አራቱ ተመልሰው ገብተዋል፣ ምንም አልጎደለም። በፋሻ የተጠቀለለውን ፍላጻ ከውዳሴ ተቀብላ ደሙን አጠበች፣ ሰሙን በአልኮል ጠረገች፣ ወደ አሥራ ሰባተኛው ቀዳዳ መለሰችው። በመደርደሪያው ሰሌዳ ላይ የፍላጻው የዕለት ማስታወሻ ወጣ።

"ሙቀት ያለው አካል። ሰው ሊሆን ይችላል። ጠየቅሁ። ጠየቅሁ። ጠየቅሁ። አቅጣጫ ተቀየረ። ሰው ሊሆን ይችላል። ጠየቅሁ። ተለቀቅሁ።"

ውዳሴ ደግማ አነበበችው። "ሲንቀጠቀጥ እኮ ተሰምቶኛል፣ እማዬ። ዝግጁ ነኝ፣ ልቀቂኝ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ማንም አልነገረኝም።"

"እንዳይነግሩሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

ባዩሽ ወረቀት አውጥታ ለጉባኤው ጻፈች። በሩን ክፍት ትታ መሄዷን መጀመሪያ ጻፈች፤ ሥራዋን ቢወስዱባትም እነሱ ያውቃሉ። ትምህርቱ ለቀስተኛ ሁሉ ግዴታ ሆኖ እንዲመለስ ጠየቀች። ይቀበሏት እንደሆነ አታውቅም። ባልተማሩት ዝርዝር ላይ እንደ ውዳሴ ያሉ ሃያ ሦስት ልጆች አሉ፤ እናቶቻቸው በጉባኤው ዕለት ከጎኗ ተቀምጠው እጃቸውን ያወጡ ናቸው። ከታች፣ ለጋሽ ወዳጆ የመጀመሪያ ተማሪ ብላ የልጇን ስም አሰፈረች።

"አራት ሌሊት ጫካ ውስጥ ነው እኮ፣ እማ" አለች ውዳሴ።

"አውቃለሁ።"

"እባብ አለ።"

"አውቃለሁ አልኩሽ!"

ወጥተው ባዩሽ ለመቆለፍ መዳፏን በሩ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ አሳረፈች። በሩ ከእጇ ሥር ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመቆለፊያው ብረት ንዝረት ነው ብላ ስትጫነው ኖራለች። በሩንና ፍላጻዎቹን የሠራው አንድ ፋብሪካ ነው፤ ለካ በሩም እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ኖሯል።

እጇን አነሳች። ሳትጫነው ተመልሳ ገባች። ንጹሕ ጨርቅ ያዘች፤ ውዳሴም ታጥባ ሌላ ጨርቅ ያዘች። አርባውን ዓይን አንድ በአንድ ጠረጉ። እያንዳንዱን ፍላጻ አውጥተው ወደ ፊታቸው አዞሩት፤ በአርባው ፎቶ ላይ ሁለት ሙሉ ፊት፣ ሁለት አፍ መኖሩን አዩ። ሲጨርሱ ደጁ ጨልሞ ነበር።

ባዩሽ እንደገና መዳፏን አሳረፈች። በሩ ሦስት ጊዜ ጠየቃት።

"አዎ" አለች፣ ጮክ ብላ፣ ተጫነችውም። በሩ ተቆለፈ።