ሟች ያልጠገነው መስመር

አቶ ገብረሰንበት እሁድ ጠዋት በገዛ ጓሯቸው በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው ግድግዳው ላይ የተደገፈ መሰላል፣ በእጃቸው ፒንሳ፣ ከጭንቅላታቸው ሥር ደም የነካው ድንጋይ ነበር። የፍኖተ ሰላም ፖሊስ ጉዳዩን ለመጨረስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ፒንሳው የኮምፒውተር ጠጋኙ የናሁሰናይ ነው፤ ናሁሰናይ ቅዳሜ ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል፤ ስለዚህ ታሰረ።

ማክሰኞ ከቡሬ የመጣችው ኢንስፔክተር የሻሽወርቅ መዝገቡን አነበበች። አንድ ገጽ ተኩል ነበር።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሃምሳ አለቃ ሀይሉ፣ የሚመሰገን መስሎት።

«ላይኛው መስመር ከመሰላል ወደቁ ይላል፤ ታችኛው ናሁሰናይ ገደላቸው ይላል። ሁለት ጊዜ ነው የሞቱት?»

«አቶ አብተው ናቸው የጠቆሙን። የሟች እህት ባል፣ ጎረቤትም ናቸው። የወረዳ ኃላፊ እኮ ናቸው።»

«ኃላፊ ከተናገረማ መርማሪ ምን ይሠራል!»

ናሁሰናይን አስጠራችው። ዓይኑ ቀልቷል፤ በማግስቱ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

«የተጨቃጨቅነው በኢንተርኔቱ ነው» አለ። «ጋሼ ባሕር ዳር የምትማር ልጃቸውን በምስል ለማየት ብለው ነው ቤታቸው ያስገቡት። ከወር ወዲህ ግን ይንፏቀቃል። ሞደሙን ቀየርኩ፤ ማጣሪያውን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ቅዳሜ ‹ጋሼ፣ በመስመርዎ ላይ ሰው ስልክ ቀጥሏል፤ ሽቦውን ተከትለው ይዩ› አልኳቸው። ‹በእኔ ግቢ ሌባ የለም› ብለው ጮኹብኝ። ተናድጄ ስወጣ ፒንሳዬን ረሳሁ።»

«ስልክ ቢቀጠል ኢንተርኔቱን ምን ያደርገዋል?»

«ኢንተርኔቱ የሚመጣው በስልኩ ሽቦ ነው፤ የተቀጠለው ስልክ ማጣሪያ ከሌለው ሁለቱ ይጋጫሉ። ስልኩ ሲነቀል ወዲያው ይፈጥናል።»

ከዚያ ከሀይሉ ጋር ወደ ሟች ጓሮ ሄደች። ቅዳሜ ከሰዓት የዘነበው ዝናብ መሬቱን እንዳለሰለሰው ነበር።

«መሰላሉን ማን ነካው?»

«ማንም» አለ ሀይሉ። «ለማንሳት ጊዜ አላገኘንም።»

«ስንፍናህ ጠቀመኝ። እስኪ ውጣ።»

ሀይሉ ሦስተኛው እርከን ላይ ሳይደርስ የመሰላሉ እግሮች ሁለት ጣት ያህል ጭቃው ውስጥ ሰመጡ። ቀድሞ ግን ጭቃው ላይ እንዲያው ተቀምጠው ነበር።

«የስልኩ ሽቦ መገናኛ ላይ ምን ይታይሃል?»

«አቧራ የጠገበ አሮጌ የሸረሪት ድር ብቻ።»

«ተበጥሷል?»

«አልተበጠሰም።»

በግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየው መምህር ምናለ ላፕቶፑን ታቅፎ ተቀምጧል። ለቅሶ ቤት መሆኑን የረሳ ይመስላል።

«መምህር፣ ኢንተርኔቱ እንዴት ነው?»

«አሁንማ ግሩም ነው! ቅዳሜ ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ ድንገት ተለቀቀ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አስተካክለውልኝ ነው የሞቱት።»

«ሲወድቁ አልሰሙም?»

«ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር።»

«በለቅሶው መሃል ግን ፍጥነቱን ለክተዋል። ጎሽ!»

የአቶ አብተው ቤት ከመሰላሉ ጥቂት እርምጃ ከሚርቀው አጥር ማዶ ነው። አብተው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስብሰባ የሚመራ ይመስል እጁን እያወናጨፈ ተቀበላት።

«በእኔ ቤት ስልክ የለም። ባለፈው ስብሰባም ተናግሬያለሁ፤ እያንዳንዱ አርሶ አደር ስልክ ሳያገኝ እኔ አላስገባም። ሌላው ኪራይ ሰብሳቢነት ነው።»

የሻሽወርቅ ግን የምታየው ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ራዲዮ ነበር። ነጭ ዳንቴል ለብሷል። የዳንቴሉ መሃል በአራት ማዕዘን ክፍት ነው፤ ከኋላው መሰንጠቂያ አለው። ረዘም ያለ ሌላ ቁራጭ ደግሞ አንቴናው ላይ እንደ ካልሲ ተጠልቋል።

በአስር ሰዓት ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ናሁሰናይ እጁ እንደታሰረ በር ላይ ቆመ። የሟች እህት እፀገነት፣ የአብተው ሚስት፣ በለቅሶ ድምጿ ተዘግቶ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ሟች መሰላሉ ላይ አልወጡም» አለች የሻሽወርቅ። «ወጥተው ቢሆን እግሩ ይሰምጥ ነበር። መስመሩንም አልጠገኑም፤ ድሩ አልተነካም። ኢንተርኔቱ ግን ያን ምሽት ተስተካክሏል። ማን አስተካከለው?»

«እኔ እስር ቤት...» አለ ናሁሰናይ።

«አንተ ያን ጊዜ አልታሰርክም ነበር፤ ዝም በል። የተስተካከለው መስመሩን የሰረቀው ሰው ስልኩን ስለነቀለ ነው። አጥሩ ሥር አዲስ የተቆረጠ ሽቦ አግኝቻለሁ፤ መዳቡ ገና ያበራል። ሽቦው ወደዚህ ግቢ ነው የሚገባው።»

አብተው ሳቀ። «ሽቦ ምስክር ሆነ? በዚህ ቤት ስልክ ያየ ሰው አለ?»

የሻሽወርቅ ወደ እፀገነት ዞረች። «እትዬ፣ ይህ ዳንቴል እጅ ይባረክ ያሰኛል። ለራዲዮው ነው የሠሩት?»

«ኧረ ለስልኩ ነው» አለች እፀገነት፣ ማንንም ሳታይ። «ጓዳ ለነበረው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቅዳሜ ማታ አብተው ‹ተበላሽቷል› ብሎ ሲያነሳው ዳንቴሉን እንዴት ልጣለው? ለራዲዮው አለበስኩት...»

ከዚያ በኋላ ነው ባሏን ያየችው።

ሀይሉ ስልኩን ከጤፍ ጎታ ውስጥ አወጣው። አብተው ጋቢውን አስተካከለ።

«ገብረሰንበት ሽቦውን ተከትሎ አጥሩ ድረስ መጣ» አለ በመጨረሻ። «ሰኞ ግምገማ ላይ ‹የስልክ ሌባ ነው› ብዬ እናገራለሁ አለኝ። ብገፋው ድንጋዩ ላይ ወደቀ። መሰላሉን ያቆምኩት፣ ፒንሳውንም ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ይህ የእኔ ድክመት ነው፤ ግለ ሂስ አደርጋለሁ።»

«ግለ ሂሱን ለስብሰባ ያቆዩት» አለች የሻሽወርቅ። «እኛ የምንቀበለው ቃል ነው። ሀይሉ፣ ካቴናውን ከልጁ አውልቀህ ለእሳቸው አድርግ። ቁልፉስ አልጠፋብህም?»

ናሁሰናይ አንጓውን እያሻሸ ቆመ። «ፒንሳዬስ?»

«ማስረጃ ነው። ሌላ ግዛ።»

አብተውን ይዘውት ሲወጡ እፀገነት አልተነሳችም። ዳንቴሉን ከራዲዮው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና፣ የክሩን ጫፍ ፈልጋ ትተረትረው ጀመር።