የመጥረጊያው ምት

ስርጉት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች የወረደችው ለጠብ ነበር። ጠብም ሲያንስ ነው! ሰው ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ቆሞ፣ መተንፈስ ያቃታቸውን በሽተኞች ሲያስተነፍስ ውሎ፣ ቤቱ ገብቶ የፈረንጅ ዋሽንቱን፣ ፍሉቱን፣ ገና ከከንፈሩ ከማገናኘቱ፣ የታች ቤት ጎረቤት ጣሪያውን በእንጨት ይደበድባል? ያውም ገና ሳይመሽ!

በሩን ደበደበች። የከፈተላት ረጅም፣ ፀጉሩን የተላጨ፣ መጥረጊያ የያዘ ሐበሻ ነበር።

«ስማ፣ ጩኸት ከበዛብህ ለሕንፃው ኦፊስ ኮምፕሌይን አድርግ! ጣሪያ መደብደብ ምን የሚሉት ነገር ነው?»

«ኧረ እኔ አልተቆጣሁም!» አለ ሰውየው ደንግጦ። «ምት እየጠበቅኩልሽ ነው።»

«ምን?»

«ምት። ዜማው መሃል እዛች ቦታ ላይ ስትደርሺ ትጣደፊያለሽ። ማለቴ... ይቅርታ፣ ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነበርኩ። ምት ሲጣደፍ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ደግሞ ለምንድነው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የምትጀምሪው? መጀመሪያውንማ ታውቂዋለሽ። እኔ እንኳ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ስርጉት መጥረጊያውን አየች፣ እሱን አየች፣ ሳቋን እንደምንም ዋጠችና «ማን ጠየቀህ?» ብላ ዞራ ሄደች። ደረጃው ላይ እስክትሰወር በሩን እንዳልዘጋው ሳትዞር አወቀች።

ማኑሄ ይባላል። መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። ዳላስ አጠገብ ቤድፎርድ ወደሚገኘው ወደዚህ አፓርታማ ከገባ ገና ጥቂት ወሩ ነው።

እሷ ፍሉቱን የተወችው ሃይስኩል ስትጨርስ ነበር። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ወይዘሮ አበዛሽ «የልጅ ነገር ይብቃ፣ ትምህርትሽን ተማሪ» ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከብርድ ልብሶቹ በታች ቀበሩት። እሷም እሺ አለች። ዛሬ ዕድሜዋ ሠላሳ አልፏል፣ ያ እሺ ግን ትዝ ባላት ቁጥር ያንገበግባታል። ዘንድሮ ማንንም ሳትጠይቅ ራሷ አወጣችው። ጣቶቿ ሁሉንም ያስታውሳሉ፤ ትንፋሿ ግን ረስቷል። በልጅነቷ ትጫወተው የነበረውን ዜማ ትጀምራለች፣ መሃል ላይ ትወድቃለች፣ ተናዳ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ወራት አለፉ፣ ፈቀቅ አላለችም።

በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ ከመተንፈሻ መሣሪያ የተላቀቁ አንድ አዛውንት ተነስቼ ኮሪደሩን ሙሉ ልሂድ ብለው ያዟት። «አይሆንም» አለቻቸው። «ሳምባዎ ጥቂት ይሠራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሠራል። የሚደክሙባትን ቦታ ነው የምንለማመደው።» ከአፏ ሲወጣ ለራሷም የተነገረ መስሎ ሰማችው። ወይ አለማፈር! ይህንን ለሰው ስትለፈልፍ የምትውል የመተንፈሻ ሕክምና ቴራፒስት ቤቷ ገብታ ምን ስትሠራ ነበር?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመጀመሪያው መጀመሯን ተወች። ያቺን የምትወድቅባትን ቦታ ብቻ ያዘች። ሁለት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። ፍሉቱን ታስቀምጣለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ታነሳለች። ከዚያ አንድ ድምፅ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ትጨምራለች። ከታች ደግሞ የመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ረጋ ብሎ ይመታል፤ ቸኩላ ስትሮጥ አይከተላትም፣ ቆሞ ይጠብቃታል። በወራት ያልመጣው በሳምንታት መጣ።

አንድ ቀን ከሺፍት ስትመለስ ማኑሄ ሻትሉን ፓርክ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ትናንት አለፍሻት!» አለ ብድግ ብሎ።

«ሰማህ?»

«ትንፋሼን ይዤ ነበር እኮ የምሰማው።»

«ትንፋሽህን ለመያዝ ትክክለኛውን ሰው አግኝተሃል» አለችው እየሳቀች። «የሰው ትንፋሽ ማስመለስ ሥራዬ ነው።»

እሱ አልሳቀም። ትኩር ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና እስኪመሽ አወሩ። ከዚያን ቀን በኋላ መዋደዳቸውን ማንም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ወይዘሮ አበዛሽ ግን ሌላ ነገር እያሰናዱ ነበር።

«እሁድ ሽማግሌ ይመጣል» አሏት። «ታዲዮስ ነው የላከው። ፋርማሲስት ነው፣ ማኪኒ ከተማ ትልቅ ቤት አለው። ያንን ቱቦ ደግሞ ከዓይኔ አርቂልኝ! በዚህ ዕድሜሽ ስትነፊ ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። እማዬ፣ ታዲዮስን አላገባም። የምወደው ሰው አለኝ።»

«ያ ሹፌር? ለሹፌር ነው እንዴ ያሳደግኩሽ?»

«አባዬ ታዲያ እዚህ ዳላስ ዕድሜ ልኩን ሲነዳ የኖረው ምን ነበር? አውሮፕላን?»

ወይዘሮ አበዛሽ የሟች ባላቸው ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ፊታቸውን አዞሩ። ግን በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም። «ወግ ያለው ሰው ሽማግሌ ይልካል!» አሉ። «የታለ የእሱ?»

ስርጉት ይህንኑ ለማኑሄ ስትነግረው አንገቱን ደፋ። «ከየት አምጥቼ ልላክ? እዚህ አገር አንድ ዘመድ የለኝም።»

«ሶ፣ ዝም ልትል ነው?»

«አልልም።»

«ኦኬ። እሁድ መጥረጊያህን ይዘህ ቤት ጠብቀኝ» አለችው።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው መጡ። ወይዘሮ አበዛሽ ቁጭ በሉ ሲሏቸው ትልቁ፣ አቶ ወልደ ሥላሴ፣ «የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው፤ እሺ እስኪባሉ ቆመው ይለምናሉ። በወጉ መሠረት ልጅቱም መኝታ ቤቷ ድምጿን አጥፍታ ትቀመጣለች።

ድምጿን ማጥፋት? አንዴ አጥፍታ አይታዋለች!

ፍሉቱን አነሳች። ቆንጆውን መጀመሪያ አይደለም የነፋችው። ያቺኑ ቦታ፣ ደግማ፣ ደጋግማ። አቶ ወልደ ሥላሴ ስለ ታዲዮስ ጨዋነት መናገር ሲጀምሩ ነፋች፤ ሲያቆሙ አረፈች፤ ሲቀጥሉ ደግሞ ነፋች። ከሽማግሌዎቹ ጫማ ሥር፣ ከወለሉ በታች፣ እንጨቱ ረጋ ብሎ ይመታል።

«ከታች የሚመታው ማነው?» ብለው አቶ ወልደ ሥላሴ ሲጠይቁ ሰማች።

በሩን ከፍታ ወጣች። ፍሉቱን እንደያዘች ፊታቸው ቆመች።

«የማገባው ሰው ነው፣ ጋሼ። ታዲዮስ ደህና ሰው ነው፤ ደህና ሰው ስለሆነም ነው አላታልለውም የምለው። ይህንን ፍሉት አንድ ጊዜ እሺ ብዬ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ የምቀብረው ነገር የለኝም።»

የእናቷ ፊት ዐመድ መሰለ። አቶ ወልደ ሥላሴ «መልሱን ሰምተናል፣ እናደርሳለን» ብለው ወጡ። ስርጉት ከደረጃው አናት ላይ ሆና ስታይ፣ የታችኛውን በር አንኳኩ። ማኑሄ እንደ መጥረጊያው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሽማግሌ የለህም?»

«የለኝም ጋሼ።»

«የተላክንበትን ሳናደርስ ስለ ሌላ ማውራት ነውር ነው» አሉ አቶ ወልደ ሥላሴ። «ከዚያ በኋላ ግን... እሁድ እሁድ እኔም ሥራ የለኝም።»

ወይዘሮ አበዛሽ ልጃቸውን አኮረፉ። ሰላምታ እንኳ በግድ ሆነ። ስርጉትም ኩርፊያውን ፈርታ አንድም ቀን ሳትነፋ አልቀረችም።

ሌላ እሁድ መጣ። እነዚያው ሽማግሌዎች፣ እዚያው በር ላይ፣ ቆመው። በዚህኛው ቀን የሚለምኑት ለማኑሄ ነበር። ስርጉት መኝታ ቤቷ ፍሉቱን ከከንፈሯ አስጠግታ ቀረች፤ የሰው ትንፋሽ የምታስመልሰዋ ሴት የራሷ ጠፋባት። ከታች የመጥረጊያው ምት አይሰማም።

«አቶ ወልደ ሥላሴ» አሉ እናቷ በመጨረሻ። «አባቷም እኔን ያስጠየቀኝ ሽማግሌ ተውሶ ነበር። ሹፌር ነበር፣ ዘመድ አልነበረውም። በሉ... ቁጭ በሉ።»

ሶፋው ሲንቋቋ ተሰማት።

«ስርጉት!»

«አቤት እማዬ!» እንባዋ ቀድሟት ወረደ።

«ምን ይዘጋሻል? ንፊው እንጂ! ያቺ ቦታ ላይ አሁንም ትጣደፊያለሽ።»

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። አየር ሳበችና ጀመረች፤ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከዚያችው ቦታ።