ከበር ውጭ የተሰማው መዝሙር

ሽማግሌው ሶፋው ላይ እንደተደገፉ፣ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ እንደፈጠጠ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው ሚስታቸው ናት። ልጇን ከትምህርት ቤት ይዛ ስትመለስ መከዳው ወለል ላይ ወድቋል፤ ስክሪኑ ላይ የልጇ ክፍል ሕፃናት ተሰልፈው ይዘምራሉ።

«ታፍነው ነው» አለ ሐኪሙ። «እሷ ከመመለሷ ጥቂት ቀደም ብሎ ይሁን ከተመለሰች በኋላ ግን መለየት አልችልም።»

ከሟቹ የመጀመሪያ ትዳር ለተወለደው ልጅ ይህ በቃው።

«ሌላ ማን አለ? እሷ ናት እንጂ!» ብሎ ፖሊስ ካስቆመው ግቢ ውስጥ ሆኖ ጣቱን ቀሰረባት። «ልጅቷ እህቴ ናት፣ ዛሬውኑ እወስዳታለሁ። ነፍሰ ገዳይ እጅ ላይ አላሳድጋትም!»

ሚስትየዋ ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት። ልጇ ትንሽ ከዘገየች መኪና ገጨብኝ የምትል፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ የሚመስላት ሴት ናት። ይህን ግን እሷም አስባው አታውቅም።

ባልደረቦቻቸው «ወንፊት» የሚሏቸው ቀጭን መርማሪ ልጁን ለብቻው ወሰዱት።

«ዛሬ እዚህ መጥተህ ነበር?»

«እሷ ልጅቷን ልታመጣ ስትወጣ ጠብቄ መጣሁ። ፊቷን ማየት አልፈልግም። ግን በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ።»

«ለምን?»

«አባባ ቤቱን በልጅቷ ስም ሊያዞር ነው ተብሎ ተጣልተናል። ልታረቀው መጥቼ ወኔ ከዳኝ። ያኔ ግን በሕይወት ነበር።»

«ታዲያ በሕይወት እንደነበሩ በምን አወቅህ?»

«ቴሌቪዥኑ ሲያንባርቅ ሰማሁታ! ሕፃናት ይዘምራሉ። ሰውዬው በስተርጅና የልጆች ፕሮግራም ጀመረ እንዴ ብዬ ሳቄ መጣ።»

«በመስኮት አላየሃቸውም?»

«መጋረጃው ዝግ ነበር። ሰማሁ እንጂ አየሁ አላልኩም!»

ግድግዳ የምትጋራው ተከራይ ልብስ ሰፊ ናት፤ ግርግሩ እስኪያልፍ ልጅቷን ክፍሏ አስተኝታለች። ጥያቄ ሳይጀመር ተቆጣች።

«ለዚያች ሴት ብዬ አልመሰክርም! ቁርጥራጭሽ ግቢውን አቆሸሸው እያለች ቁም ስቅሌን ነው የምታሳየኝ።»

«ለእሷ ብለሽ ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማሻል?»

«ድሮ ግድግዳዬን ይነቀንቀው ነበር። ከክረምት ወዲህ ጭጭ ብሏል። ተበላሽቶ መስሎኝ እሰይ ብዬ ነበር።»

መርማሪው ወደ ሳሎን ተመልሰው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀውን ቴሌቪዥን በጥንቃቄ ሳብ አደረጉና በባትሪ ጀርባውን አዩ። ሚስትየዋን ጠሯት።

«ይሄ ገመድ?»

«ኤችዲኤምአዩ ነው፣ ከዲኮደሩ የሚመጣው።» ዲኮደሩ ላይ አንድም መብራት አልነበረም።

የኢንተርኔት ገመዱ መሰኪያ አቧራ ጠጥቷል። አንቴና የሚገባበትም ባዶ ነው። ጎኑ ላይ ያለው ዩኤስቢ ላይ ግን ትንሽ ፍላሽ ተሰክቷል።

«የልጄ ትምህርት ቤት በዓል ነው። ዛሬ ጠዋት መምህሯ ሰጠችኝ። ልወጣ ስል ሰክቼ ከፈትኩላቸው፤ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምራል።»

«ድምፁስ የት ሄደ?»

ይሄንንም ወንጀል ሊያደርጉብኝ ነው አለች በልቧ። «ወደ ጆሯቸው ነው የሚሄደው። የጆሮ መስሚያ አላቸው፤ በብሉቱዝ አገናኘሁት። እሱ ከተገናኘ ቴሌቪዥኑ ውጭ አይጮህም። ልብስ ሰፊዋ ስትነጫነጭ ጊዜ ነው እንጂ ለክፉ አይደለም፣ እመቤቴን!»

መርማሪው ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰቧቸው።

«ተከራይዋ ድምፅ የለም ብላለች» ብለው ጀመሩ። «ሚስትየዋን ልትጠቅም ብላ እንዳልሆነ ፊቷን አይቶ መፍረድ ነው። መስሚያው አሁንም ሟቹ ጆሮ ላይ ነው፤ እንደተገናኘም ነው። ራሴ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፣ ኮሽታ የለም። ዲኮደሩ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ከጣቢያ የመጣ የልጆች ፕሮግራም የለም። ሕፃናቱ ያሉት ፍላሹ ውስጥ ነው፤ ፍላሹ እዚህ ቤት የገባው ዛሬ ነው።» ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተ ግን ሕፃናት እንደሚዘምሩ ታውቃለህ። በጆሮህ ካልሆነ በዓይንህ ነው። መጋረጃው ደግሞ ዝግ ነበር። አስከሬኑ ከተገኘ ወዲህም አሁን እስክጠራህ ድረስ ፖሊስ ከግቢው አላሳለፈህም። ሕፃናቱን ለማየት ቀድመህ እዚህ ክፍል ውስጥ መቆም ነበረብህ።»

ልጁ ሳቀ። «ይህን ቴሌቪዥን ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ! አሠራሩ ጠፍቶኝ ነው?»

«ገዝተህ አመጣህ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አብረሃቸው ተቀምጠህ አይተሃል?»

ልጁ ፊቱን ከቴሌቪዥኑ አዞረ።

«ስትገባ ቴሌቪዥኑ ጭጭ ማለቱ አልገረመህም?»

«እኔን ሊያናግረኝ ብሎ ድምፁን ያጠፋው መስሎኝ ነዋ!» አለ በንዴት። ወዲያው የተናገረው ገባው፤ አፉን በእጁ ያዘ። የረፈደ ነበር።

ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ሚስትየዋ ዞራም አላየችው። እየተደናበረች ወደ ልብስ ሰፊዋ ክፍል ሮጠች፤ ጨርቅ ክምር ላይ የተኛችውን ልጇን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

«ቀስ በያ፣ አጥንቷን ሰበርሽው!» ብላ እየጮኸች ተከተለቻት ልብስ ሰፊዋ።

እሷ ግን አልለቀቀቻትም።