አሥራ ስምንተኛዋ ሽቦ

«ቀጥዪ እንጂ፣ ይቺኛዋ ምን ቀለም ናት?» አሉ አቶ ገርባ።

ጉዲቱ በእጇ የያዘቻትን ሽቦ ደጋግማ አገላበጠቻት። ከቀበሌው ላንድሮቨር ሞተር የወጣው የተቃጠለ የሽቦ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሽቦዎቹ የተጠቀለሉበትን አሮጌ ናስትሮ እየላጠች፣ እያንዳንዷ ሽቦ ከየት ተነስታ የት እንደምትገባ ሒሳብ ደብተሯ ላይ ትስላለች። በስዕሉ መሠረት ሁሉም በአዲስ ሽቦ ይተካል። አባቷ በናዝሬት የታወቁ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን ቀለም የምትለይላቸው እሷ ናት።

አሥራ ሰባቱን ሽቦዎች ጨርሳለች። ይቺ ትርፍ ናት። ለሞተሩ እሳት ከሚሰጠው ኮይል ተነስታ በሾፌሩ ወንበር ስር የምትገባ ጥቁር ሽቦ፣ በየትኛውም ላንድሮቨር ላይ አይታት አታውቅም። መጋጠሚያዋ ላይ ያለው ናስትሮ ደግሞ በምላጭ አልተቆረጠም፤ በጥርስ ነው የተነከሰው። ከጥርሶቹ ምልክት መሃል አንዱ ሸራፋ ነው።

ፉፋ! ወንድሟ ናስትሮ በዚያ ሸራፋ ጥርሱ ካልቆረጠ ሥራ የሠራ አይመስለውም ነበር። አባታቸው «አንተ አይጥ!» እያሉ ስንቴ ተቆጥተውታል። በአፈሳ ተይዞ፣ በዚሁ መኪና ተጭኖ ለውትድርና ከሄደ ድፍን ሁለት ዓመቱ። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ጥርሱ ግን ይኸው እዚህ አለ። ጉዲቱ ጣቷን ከላዩ ላይ ማንሳት አቃታት።

«ምነው፣ ዝም አልሽሳ?»

«ቀለሟ አልለይ ብሎኝ ነው፣ አባባ።»

«በይ እንግዲህ፣ አንቺንም ሞራ ያዘሽ!» ብለው እየሳቁ፣ ዱላቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ሻይ ቤት ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሾፌር፣ ጋሼ ሰንበታ፣ ብቅ አሉ። «አካም ጅርታ ጉዲቱ? መኪናዋ ዛሬ ካልደረሰች ሊቀመንበሩ ይበላኛል። ነገ አፈሳ...» ዓይናቸው ጥቁሯ ሽቦ ላይ ሲያርፍ ቃላቸውን ዋጡት።

«ምንድን ናት፣ ጋሼ?»

ሰውየው በሩን ገርበብ አደረጉት። «መኪናዋ ጂን አለባት ሲባል ሰምተሻል አይደል?»

ያልሰማ ማን አለ! ላንድሮቨሯ የታፈሱ ልጆች ጭና የባቡሩ ሐዲድ ጋ ስትደርስ አንዳንዴ ድንገት ቀጥ ትላለች። ጠባቂዎቹ ሊገፉ ሲወርዱ ልጆቹ ዘለው ይበተናሉ። ጉዲቱ ያቺን መኪና ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር።

«ጂኑ እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ሰንበታ። «ወንበሬ ስር ያለችውን ቁልፍ ስጫን ሞተሩ ይጠፋል። የሠራልኝ ፉፋ ነው።»

«እሱን ሲወስዱትስ? ለምን አልተጫኗትም?»

«አዛዡ ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ፈራሁ፣ ልጄ። ሐዲዱን ስናልፍ ከኋላ ‹ጋሼ!› ብሎ ጠራኝ። ዛሬም እዚያ በደረስኩ ቁጥር ይጠራኛል።»

ጉዲቱ በእጇ የያዘችውን ፒንሳ ልትወረውርባቸው ምንም አልቀራት። ጠላቻቸው፤ ከልቧ ጠላቻቸው። ለወንድሟ ያልሆነች ሽቦ ለማን ትሁን? ብትተዋት ማንም አይጠይቃትም። ብትመልሳትና ቢነቃባት ግን ዘብጥያ የሚወርዱት አባቷ ናቸው።

ደግሞ ከክፍሏ አምስት ወንዶች ሰሞኑን ትምህርት ቤት አልመጡም። ሁሉም ያውቃል፤ አፈሳ ፈርተው ተደብቀዋል። ነገ ስንቶቹ ይገኙ ይሆን?

«ጋሼ» አለች። «ነገ ጎንዎ ማንም ይቀመጥ ማን፣ ይጫኗታል።»

«እጫናታለሁ።»

«ማሉልኝ!»

«በልጆቼ!»

«አባባ ሳያውቁ ግን አልገጥማትም። እርስዎ ነዎት የሚነግሯቸው። ስለ ሽቦዋም፣ ፉፋ ስለጠራዎትም።»

የጋሼ ሰንበታ ፊት አመድ መሰለ። «ኧረ በፈጠረሽ! ለገርባ በምን አፌ...»

ደጅ ላይ የዱላ ኳኳታ ተሰማ። አቶ ገርባ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። «ማነው? ሰንበታ ነህ?»

ጋሼ ሰንበታ ወደ ጉዲቱ ዞሩ። እሷ ዓይኗን አልሰበረችላቸውም።

«እኔ ነኝ» አሉ ቆባቸውን እያወለቁ። «እስቲ ቁጭ በል፣ ገርባ። ስለ ፉፋ የምነግርህ አለ።»