የማይዞረው ቀይ ኳስ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ ከራሴ የጨመርኩት ነገር የለም።

አርብ ቀን ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ። ቦታው ከሚሴ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ።

ጨለማ አልነበረም። የከሚሴ ፀሐይ የጣራውን ቆርቆሮ ሲያንቋቋው ይሰማኝ ነበር። ይሄን የምለው «በጨለማ ተሳስተሽ ነው» የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው።

አስያ እባላለሁ። የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ።

ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁልኝ... በኢክላስ እቀና ነበር። አሁንም እቀናለሁ። ምክንያቴን ስትሰሙ እናንተም ትቀናላችሁ።

ኢክላስ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እሷም ኬሚስትሪ ነው የምታስተምረው። በዕድሜ ከኔ ታንሳለች፣ ወደ ትምህርት ቤቱም የመጣችው ከኔ ብዙ ዘግይታ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሞለኪዩል የሚሣልበት ፕሮግራም። በነጻ ይገኛል፤ የተሠራበት ኮድ ራሱ ለፈለገው ሰው ሁሉ ክፍት ነው። ኮምቦልቻ ድረስ ሄጄ፣ ደህና ኢንተርኔት ያለበት ቤት ቁጭ ብዬ፣ በፍላሽ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

እኔ!

አቶሞቹ እንደ ትንንሽ ኳስ ናቸው። ካርቦን ግራጫ፣ ሃይድሮጅን ነጭ፣ ኦክስጅን ቀይ። እያገናኛችሁ ትሥሉና አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ሞለኪዩሉ ይንቀጠቀጣል። ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ የሚመቸውን ቅርጽ ሲያገኝ ጸጥ ይላል። ከዚያ በማውስ ይዛችሁ እንደፈለጋችሁ ታዞሩታላችሁ።

ስንት ዓመት በጠመኔ የሣልኩት ነገር ከፊቴ ሲዞር መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንባዬ መጣ።

ለኢክላስ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ብዙም አልቆየች... በለጠችኝ።

እኔ የምሥለው ትክክል ነው። የሷ ግን ትክክል ሆኖ ያምራል። ተማሪዎቹ የኔን ክፍለ ጊዜ እንደጨረሱ እየሮጡ የሷ መስኮት ስር ይቆማሉ። «የቲቸር ኢክላስ ፕሮግራም» ይሉታል። የቲቸር ኢክላስ! ኮምቦልቻ ድረስ በሚኒባስ የተንገላታሁትን ማን ያስታውሳል?

ዘንድሮ ከዞናችን አንድ የሳይንስ መምህር ደሴ ሄዶ ሥራውን እንዲያሳይ ተባለ። እዚያ የተመረጠ ሰው ሁለተኛ ዲግሪውን በነጻ ይማራል። ያንን ዕድል ምን ያህል እንደተመኘሁት አላህ ነው የሚያውቀው።

ዳይሬክተራችን ሙሐመድዘይን ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«አስያ፣ መቼም አንቺ ልምድ አለሽ» አሉ።

«አዎ» አልኩ ፈጥኜ።

«ኢክላስን አግዣት። እሷን ልንልክ ነው።»

«እሺ» አልኩ። ምን ልበል?

ወደዚያች አርብ ልመለስ።

ኢክላስ ለደሴ የመረጠችው ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለውን ሞለኪዩል ነበር። እናቷ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ጥቁር አዝሙድ ይሸጣሉ፤ ሆዱን ያመመው ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚመጣው። ሞለኪዩሉ አንድ ቀለበት ነው። ከቀለበቱ ወዲህና ወዲያ ሁለት ኦክስጅን አለ።

ሁለት ቀይ ኳስ። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ።

«አስዬ፣ ኮቱ! ነይማ እዪልኝ!» ብላ ጠራችኝ።

ቀረብኩ። አየሁት።

ያምር ነበር። ማማሩ አንጀቴን አቃጠለኝ።

እኛ አገር ያማረ ነገር ያየ ሰው፣ ሕጻን ልጅ ይሁን ጥጃ ወይም የደረሰ ማሽላ፣ ወዲያው «ማሻአላህ» ይላል። ካላለ ዓይኑ ያርፍበታል። ይሄንን ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ኢክላስ ቀና ብላ አይታኝ ጠበቀች።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ብቻ?»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? ጥሩ ነው አልኩሽ።»

ራሷ በለሆሳስ «ማሻአላህ» አለች። ግን ማለት ያለበት ያየው ሰው ነው። ያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወደ ስክሪኑ ዞረች። ከዚያ...

«አስዬ።»

«ምነው?»

«ኦክስጅኑ ስንት ነበር?»

«ሁለት ነዋ።»

«እስቲ ቁጠሪልኝ...»

ቆጠርኩ። ሦስት።

ሦስተኛው ቀይ ኳስ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ከስክሪኑ ጥግ ለብቻው ቆሟል።

«ሳታውቂ ነክተሽ ነው የሚሆነው» አልኳት።

አጠፋችው። ተመለሰ። እንደገና አጠፋችው።

ተመለሰ።

ማውሱን ተቀበልኳትና ሞለኪዩሉን አዞርኩት። ቀለበቱ ዞረ። ነጮቹ ዞሩ። ሁለቱ ቀዮችም አብረው ዞሩ።

ሦስተኛው አልዞረም።

ወደ ግራ ባዞረው፣ ወደ ቀኝ ባዞረው፣ እሱ ፊቱን ወደኛ እንዳደረገ ባለበት ቀረ። ኳስ ፊት የለውም፤ አውቃለሁ። ግን ወደኛ ነበር።

ፕሮግራሙ የሚያስቀምጠው ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር አንድ አቶም ከነቦታው ይጻፋል። ከፈትኩና አነበብኩት። አሥር ካርቦን፣ አሥራ ሁለት ሃይድሮጅን፣ ሁለት ኦክስጅን። አለቀ።

ስክሪኑ ላይ ቆሞ የሚያየን ነገር ፋይሉ ውስጥ የለም።

«አዑዙ ቢላህ...» አለች ኢክላስ። ላፕቶፑን በሁለት እጇ ጠርቅማ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ፋይሉን በከፈተች ቁጥር ቀዩ ኳስ ወደፊት እየመጣ ነበር። አተር ያክል የነበረው ሎሚ አከለ። ጥግ ላይ የነበረው ወደ መሐል ቀረበ።

የኢክላስ ግራ ዓይን መቅላት የጀመረውም ያኔ ነው።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሰው እንዳይሰማን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስሠራ ያየኛል።»

«ማን?»

«እሱ... ቀዩ።»

«ደክሞሽ ነው።»

«አይደለም። አስተያየቱን አውቀዋለሁ አስዬ። የሰው አስተያየት ነው።»

«የማን?»

ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ ተነስታ ወጣች።

እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ፋይሏን ቀድቼ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት።

ሁለት ቀይ ብቻ።

ዘግቼ ከፈትኩት። ሁለት። ጠበቅኩ፤ አዞርኩት፣ አጉልቼ አየሁት፣ አሳንሼ አየሁት። ሁለት።

ሳቁብኝ፤ ግን ቀናሁ። ፕሮግራሙን በፍላሽ ያመጣሁት እኔ፣ ጅኑ እንኳ መርጦ የሚሄደው ወደ ኢክላስ!

ብዙም ሳይቆይ ሙሐመድዘይን እንደገና አስጠሩኝ።

«የኢክላስ ዓይን ጨርሶ ተዘግቷል። ደሴ አንቺ ትሄጃለሽ» አሉኝ።

«አላህ ያሽራት። አንቱ ካሉ እሄዳለሁ» አልኩ። አልዋሽም፣ ውስጤ ጮቤ ረገጠ።

የሷን ሥራ ይዤ መሄድ ግን አልፈለግኩም። እሷ መድኃኒት ከሣለች እኔ መርዝ እሥላለሁ አልኩ። የጨፋ ገበሬ ዝናብ ያቋረጠው ለጋ ማሽላ ላይ ከብት አይለቅም። የበላ በሬ ከማሳው ሳይወጣ ይወድቃል። መርዙ የሚወጣበትን ሞለኪዩል ሣልኩ። ትልቅ ነው፤ ሰባት ኦክስጅን አለው። ሰባት ቀይ ኳስ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ከመሄዴ በፊት ኢክላስ ደወለችልኝ። «ኮቱ ማሎ፣ እባክሽ ነይልኝ» አለች። ለምና አታውቅምና ጨፋ ሮቢት ቤቷ ሄድኩ።

እናቷ ገበያ ናቸው። ብቻዋን ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ግራ ዓይኗ ላይ ጥጥ አድርጋ በሻሽ አስራዋለች።

«አስዬ፣ አሁን በይልኝ።»

«ምን?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ብዬ ነበር እኮ።»

«መቼ?»

«በልቤ።»

በደህናው ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«በልብሽ ያለውንማ አየሁት» አለች በሹክሹክታ።

ወላሂ፣ ልልላት ነበር። አፌን ከፈትኩ።

ግን ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት አየሁ። ተማሪዎቹ የጥቁር አዝሙዱን ሞለኪዩል በቀለም ሥለው፣ «ቲቸር ኢክላስ፣ ቶሎ ተሻይልን» ብለው ሁሉም ፈርመውበታል። እኔ አምና በወባ ተኝቼ በሬን ያንኳኳ አንድ ተማሪ አልነበረም።

አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«አላህ ያሽርሽ» ብያት ወጣሁ።

ደሴ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። አዳራሹ በመምህራን ሞልቷል፤ ፕሮጀክተሩ እንዲታይ መጋረጃው ተዘግቷል።

ሞለኪዩሌ ግድግዳው ላይ ወጣ። ቁልፉን ተጫንኩ። ተንቀጠቀጠ፣ ተሳበ፣ ታጠፈ... ጸጥ አለ።

«ማሻአላህ!» አለ አንዱ ከፊት። «ማሻአላህ!» አሉ ሌሎቹ። አዞርኩት፤ ሰባቱም ቀዮች አብረው ዞሩ። በሕይወቴ አንድ ቀን ሰው ወደኔ አየ።

«አስተያየት ያለው ሰው?» አለ መድረክ መሪው።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

ኢክላስ ነበረች። ሙሐመድዘይን ለዓይኗ ሐኪም ሊያሳዩዋት ይዘዋት መጥተው፣ በዚያው አዳራሹ ገብተዋል። ጥጡ አሁንም ግራ ዓይኗ ላይ ነው።

ብድግ አለች። ሞለኪዩሌን አየችው። ቀስ ብላ፣ ከላይ እስከ ታች።

«ጥሩ ነው» አለች።

ጠበቅኳት።

የቀረውን ጠበቅኩ...

ተቀመጠች።

ወደ ግድግዳው ዞርኩና ቆጠርኩ። ሰባት ሲሆን አንድ ተረፈኝ። እንደገና ቆጠርኩ።

ስምንት።

አዞርኩት። ሰባቱ ዞሩ።

ያኔ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጸጥ አለ፣ ግድግዳው ጨለመ፣ ሰዉ ተንጫጫ።

ቀዩ ኳስ ግን ግድግዳው ላይ ነበር።

«ይታይሃል?» አልኩት አጠገቤ የቆመውን መድረክ መሪ።

«ምኑ?»

ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠፋ።

ገለጥኩት። ተመለሰ።

አንዱ መጋረጃውን ከፈተው። ብርሃኑ ሲገባ ኢክላስ ሻሿን ፈትታ ጥጡን እያነሳች ነበር። ዓይኗ ተገልጧል። ነጩ ንጹሕ ነጭ ነው፤ ታሞ የሚያውቅ አይመስልም።

መብራቱ ሲመጣ እኔ መቀጠል አልቻልኩም። ሙሐመድዘይን ኢክላስን ወደ መድረክ ላኳት። የጥቁር አዝሙዷን ከፈተች። ሁለት ቀይ ብቻ። ስታዞረው ሁሉም ዞረ። አዳራሹ በአንድ አፍ «ማሻአላህ» አለ።

እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። አልወጣልኝም።

ዕድሉን ያገኘችው እሷ ናት። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። አልፎ አልፎ በቴሌግራም ትጽፍልኛለች፤ «ዓይንሽ እንዴት ሆነ አስዬ?» ትላለች። ሌላ ነገር አትልም። እኔም አልለምናትም።

ሐኪሞቹ ዓይኔን በመሣሪያ አዩት። ምንም የለውም አሉኝ። በፊት ስጨፍነው ቀዩ ይጠፋ ነበር... አሁን ጨፍኜውም አለ።

ይሄን ሁሉ ግራ ዓይኔን በሻሽ አስሬ ነው በስልኬ የጻፍኩላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ጽሑፉን ከወደዳችሁት «ጥሩ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሌላዋን ቃል ጨምሩልኝ። ዛሬውኑ፣ አሁን።

ምክንያቱም እዚህ፣ ከምጽፈው መስመር በታች ቆሟል። ጽሑፉን በጣቴ ወደ ላይ ስገፋው ፊደሎቹ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ...

እሱ አይሄድም።