ፊት የነሳችው ቅድስት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ሙት አናገረኝ የሚለኝን ሁሉ ስስቅበት የኖርኩ ነኝ። ሆላንድ፣ ስኪዳም ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ እየሠራሁ፣ አስተማሪ የሚባል ሳይኖረኝ፣ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት ብቻ ሮማኔስክ የሚባለውን የጥንት አውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሥር መሠረቱ ያጠናሁ፣ አስጎብኚ ሲሳሳት ሰው ፊት የማርም ሰው ነኝ። ይህን የምነግርህ ለጉራ አይደለም፣ ዓይኔ በቀላሉ እንደማይታለል እንድታውቅልኝ ነው።

ተስፋይ የሚባል ኤርትራዊ ጓደኛ ነበረኝ፣ ዘ ሄግ ከተማ ትራንስቫል ሰፈር የሚኖር ጡረተኛ፣ በአማርኛ እኔን ለማከል ጥቂት የቀረው። ዓይኑ ደክሞ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው። ከባለቤቱ ከለተብርሃን ሞት ወዲህ አንዲት ነገር ይደጋግማል፣ "በመጨረሻዋ ቀን ሆስፒታል ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ፊት ነስታኝ ሄደች።" አሟት ነው ብንለው አይሰማም።

አንድ የክረምት ከሰዓት አምስተርዳም ወዳለ ሙዚየም ወሰድኩት፣ ከፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተነቅላ የመጣች የአንዲት ቅድስት ሥዕል አለች።

"እኔ ምን ይታየኛል ብለህ ነው?"

"እኔ እያለሁ ዓይን ምን ያደርግልሃል!"

"በል ፕሮፌሰር፣ ጀምር፣ ካልተናገርክማ ትታመማለህ" ብሎ ሳቀ።

ጀመርኩ። ወፍራም ጥቁር መስመር ዙሪያዋን ይከባታል፣ ቀለሟ ቀይ አፈርና ቢጫ ነው፣ ጥላ የላትም፣ የቀሚሷ እጥፋት እንደ እርሻ ትልም የተሰመረ ነው፣ ሠዓሊዎቹ ከጥንት ሮማውያን የወረሱትን ከቢዛንታይን ከመጣው ጋር አዋህደውታል።

"ፊቷስ?"

"ፊት ለፊት። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ልክ እንደ እኛዎቹ።"

እኛ ዘንድ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን እንደሚሳል ታውቃለህ፣ እሱም ያውቃል። ቀስ ብሎ "ለተ" ሲል ተጣራ።

ያን ጊዜ ሰማሁ፣ እመነኝ፣ ደረቅ ኖራ በጥፍር ሲፋቅ እንደሚሰማ ያለ ድምፅ፣ ከግድግዳው ውስጥ። ከእኛ በቀር ሰው የለም። ቀና ስል ቅድስቲቱ ዞራለች። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፣ መልሼ አየሁ፣ አንድ ዓይን፣ ሌላው የለም።

ተስፋይ ቀኝ እጄን ጨበጠኝ። "እያየችኝ ነው? በሁለት ዓይኗ?"

"በሁለት ዓይኗ" አልኩት።

"አንተ ጉረኛ ነህ እንጂ በሥዕል አትዋሽም" አለ፣ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። በባቡር ስንመለስ ፊቱ ላይ ያየሁትን ሰላም ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም።

በዚያው ክረምት ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ብቻዬን ሄድኩ። ቅድስቲቱ ፊት ለፊት ናት፣ ሁለት ዓይን። ጥበቃ ላይ ያለችውን ልጅ፣ ሥዕሏን የነካት ሰው ነበር ወይ ብላት፣ "ጌታዬ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እንዲሁ ናት" ብላ እንደጃጀ ሰው አየችኝ።

እንዲህ ያሉ ዓይኖች የትም ብትቆም ያዩሃል፣ መጻሕፍቱ እንዲያ ይላሉ፣ እኔም ስል ኖሬያለሁ። እኔን ግን አታየኝም። ብጠጋም፣ ብርቅም፣ ወደ ግራ ብሄድም፣ የምታየው ከቀኝ ትከሻዬ አጠገብ ያለውን ቦታ ነው፣ ተስፋይ እጄን ይዞ ቆሞበት የነበረውን ጎን።

ደጋግሜ ሄጃለሁ። ወደዚያ ጎን ግን እስከ ዛሬ ዞር ብዬ አላየሁም።